ማስተካከያ፦ ወደ ዳኻው መታሰቢያ ለሚሄዱ

ከሙኒክ ወጣ ብሎ ስላለው የናዚዎች የዳኻው ማጎሪያ ካምፕ መታሰቢያ ባወጣነው የጉዞ መረጃ ውስጥ ስህተቶች ነበሩ። አንባቢያንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

የሙኒክ ከተማ ትኬት (ዞን ኤም) ይበቃል ብለን ነበር፤ አይበቃም። ዳኻው ያለው በቀጣዩ ዞን ስለሆነ ከኤም እስከ 1 የሚያገለግለውን ይግዙ። የወረቀት ትኬት ከሆነ ሳይሳፈሩ በፊት በማሽኑ ያስመቱት፤ ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል፣ ቅጣቱም 60 ዩሮ ነው። ኤስ 2 ባቡር ይዘው የሚወርዱት «ዳኻው» ጣቢያ ላይ ነው። ወደ አልቶሙንስተር የሚቀጥለው ባቡር «ዳኻው ሽታት» የሚባል ሌላ ፌርማታም ስላለው ስሙን አይተው ይውረዱ። ከዚያ አውቶቡስ 726 ይያዙ።

መግቢያው ነጻ ነው። ቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ነው ያልነው ፖላንድ ውስጥ ካለው የአውሽዊትዝ ካምፕ መታሰቢያ ጋር አምታተን ነው፤ ለብቻው የሚመጣ ጎብኚ እዚህ መመዝገብ አያስፈልገውም።

ከሁሉ የከበደብን ስለ ቦታው ራሱ የተሳሳትነው ነው። የሚታዩት ሁለት የእስረኞች ቤቶች የጥንቶቹ አይደሉም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደገና የተሠሩ ናቸው። የቀሩት 32 የቆሙበት ቦታ የሚታወቀው በመሠረት ምልክት ብቻ ነው፤ ይህን ባዶ ሜዳ ሳይቸኩሉ እስከ መጨረሻው ይሂዱበት። «ሥራ ነጻ ያወጣል» የሚል ጽሑፍ ያለበት የብረት በርም ቅጂ ነው። ዋናው እ.ኤ.አ. በ2014 ተሰርቆ በ2016 ኖርዌይ ውስጥ ተገኘ፤ አሁን በሙዚየሙ ውስጥ ይታያል። ሟቾቹንም «ጥቂት ሺህ» ብለን ነበር። ንዑሳን ካምፖቹን ጨምሮ ከታሰሩት ከ200,000 በላይ ሰዎች ቢያንስ 41,500 ሞተዋል።