ለስም 18 ሺህ ብር

ከትናንት ወዲያ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ጫማ ሰፊ አጠገብ ቁጭ ብዬ እንባ እንባ አለኝ። ዛሬም አልወጣልኝም፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሰኔ ላይ ተመረቀ። በትምህርቱ ዘመን አንድም ቀን ይሄን ግዢልኝ ብሎኝ አያውቅም። ለምርቃትህ ምን ላድርግልህ ስለው አንገቱን ደፍቶ የአንድ ጫማ ስም ጠራ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ብቻ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ግንቦት ላይ ደርሶኝ ስለነበር ስታዲየም አካባቢ አንድ ሱቅ ወሰድኩትና 18 ሺህ ብር ከፈልኩ። ባለሱቁ "ኦርጅናል ነው የኔ እህት፤ ይሄን ገዝተሽ ለዓመታት ጫማ አታስቢም" አለኝ። አመንኩት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የቀኝ እግሩ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፈተ። ልጁ ኳስ አልተጫወተበትም። ሥራ ፍለጋ ከሜክሲኮ ለገሃር፣ ከለገሃር አራት ኪሎ ሄደበት፣ በቃ። ሱቁ ይዤው ስሄድ ያ "የኔ እህት" ጠፍቷል። "ውሃ አስገብታችሁበት ነው፤ ይሄ የክረምት ጫማ አይደለም" አለኝ። ደረሰኙን ሳወጣ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የምትለዋን መስመር በጣቱ አሳየኝ። ክረምት የማይችል ጫማ ከሆነ ሰኔ ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ብሬን ሲቆጥር ለምን አልነገረኝም?

ጫማ ሰፊው አባት ሶሉን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። አንድ ክር የለውም። ዙሪያውን በማስቲሽ ብቻ ነው የተያዘው፤ ማስቲሹም ደርቆ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። "ልጄ፣ ኦርጅናልም በይው ኮፒ፣ አብዛኛው ስኒከር ተለጥፎ ነው የሚመጣው" አሉኝ። ከዚያ የድሮውን ማስቲሽ በቢላ ፋቁት። አዲስ ቀቡና እስኪይዝ ጠበቁ። ክሩን በሰም አሽተው፣ በወስፌ እየበሱ፣ ዙሪያውን በእጃቸው ሰፉት። ጣታቸው ላይ ክሩ የሠራው ጭረት ይታያል። ወደ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። 300 ብር ጠየቁኝ፤ እሱንም "በዛብሽ እንዴ?" ብለው። ያኔ ነው እንባ እንባ ያለኝ።

ታዲያ 18 ሺው የምን ዋጋ ነው? "ዶላር ጨመረ" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። ቀረጥ አለ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ የሱቅ ኪራይ አለ። ሁሉንም እቀበላለሁ። ግን እዚያው ፎቅ ላይ፣ በዚያው ዶላር የገባ፣ ያንኑ ቀረጥ የከፈለ፣ ስም የሌለው ጫማ 4 ሺህ ብር ይሸጣል። እሱም ተለጣፊ ነው። መሃል ያለው 14 ሺህ ብር ጎኑ ላይ ላለችው ምልክት ነው።

ለሚሰፋው ሰው ቢደርስ እንኳ ባልከፋኝ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ያሰፋ ነበር፤ ፋብሪካውን መዝጋቱን ያስታወቀው ኅዳር 2014 ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መሠረት የፓርኩ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በወር! እዚያ ማሽን ላይ የተቀመጡት የእኛው እህቶች ናቸው። ስሙ ይወደዳል፣ የሰፊዋ እጅ ይረክሳል። ይሄን እያወቅኩ ነው ዕቁቤን ይዤ የሄድኩት።

ስም ሁሉ ባዶ ነው አልልም። እናቴ በሲንጀር መኪና ሰፍታ ነው ያሳደገችን። መኪናዋ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ ዘይት ጠብ ሲደረግላት ዛሬም ትሰፋለች። እናቴ ለሲንጀር የከፈለችው ብር በእኔና በወንድሜ ዩኒፎርም ተመልሷል። እንዲህ ያለ ስም ይከፈልለት። የኔ ጠብ አንድ ክረምት ከማይሻገረው ስም ጋር ነው።

ወንድሜን አልወቅሰውም። ዶርም ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የሰው እግር ነው ብሎኛል። የምርቃት ፎቶውን አየሁት፤ ሁሉም ከጋወናቸው ሥር ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጫማቸውን ወደ ፊት አውጥተዋል። ከማን ተማሩት? ከእኛ ነው። ሠርግ ቤት የገባውን ሰው ከእግሩ ጀምረን ወደ ላይ የምናየው እኛ ነን። "ስንት ገዛኸው?" እንላለን። ስንት ጊዜ እንዳገለገለው የጠየቀ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ጫማውን አድርጎ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ወጣ። የተሰፋበት ነጭ ክር ዙሪያውን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዕቁቡ የሚያልቀው ጥር ላይ ነው። እስከዚያ በየወሩ 3 ሺህ ብር እጥላለሁ።