ሁለቱ ዋት የት ገቡ?

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ ሲዘዋወር የሰነበተው ቪዲዮ ላይ አንድ "የጨረር መከላከያ" ስቲከር ሻጭ በእጅ የሚያዝ ርካሽ መለኪያ ይዞ ይታያል። በ2ጂ ስልክ ይደውላል፤ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። ስቲከሩን ይለጥፋል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። "መሣሪያ አይዋሽም!" ይላል ደረቱን ነፍቶ።

መሣሪያውስ አልዋሸም ይሆናል። ግን ምን ተብሎ ነው የተጠየቀው?

የ2ጂ ስልክ እንደ አምፖል ሳያቋርጥ አይበራም። 4.615 ሚሊሰከንድ የሚፈጀውን አንድ ዙር ስምንት ስልኮች ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 577 ማይክሮሰከንድ ነው። ታክሲ ውስጥ ስልክ ሊጠራ ሲል ቴፑን የሚያንጫጫው ይኸው ምት ነው፤ ወሬው ከተጀመረ በኋላ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ይመታል። በ900 ሜጋኸርዝ ስልኩ በተራው እስከ 2 ዋት ይለቃል፤ በቀሩት ሰባት ተራዎች ዝም ይላል። አማካዩ 250 ሚሊዋት ገደማ። ቀርፋፋ መለኪያ የሚያየው አማካዩን እንጂ ሁለቱን ዋት አይደለም። ሞገዱ ሰውነትን ምን ያህል ያሞቃል ለሚለው አማካዩ ይበቃል፣ እሺ። የስልኩን የማሰራጫ ኃይል ለካሁ ለሚል ሰው ግን አይበቃም።

ደግሞስ ቁጥሩ ለምን ወረደ? ስቲከሩ ባይኖርም ይወርድ ነበር! ጥሪ ሲጀመር ስልኩ የሚነሣው ኔትወርኩ በፈቀደለት ጣሪያ ነው። ታወሩ ቅርብ ከሆነ "ቀንስ" ይለዋል፤ በ2 በ2 ዲሲቤል (የኃይል እጥፍ መለኪያ) እየወረደ ከ33 ዲቢኤም እስከ 5 ዲቢኤም ሊደርስ ይችላል፤ ዲቢኤም ከ1 ሚሊዋት ተነሥቶ የሚቆጠር ኃይል ነው፣ 33ቱ ያው 2 ዋት ነው። ልዩነቱ ከስድስት መቶ እጥፍ በላይ ነው። ለዚህ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል፤ ሻጩ ስቲከሩን ከወረቀቱ እስኪልጥ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰውየው አፉን ዘግቶ ነው የሚለጥፈው። ኔትወርኩ ዲቲኤክስን፣ ማለትም ንግግር ሲቆም ማሰራጨትንም የሚያቆመውን ዘዴ፣ ከተጠቀመ፣ ዝም ያለ ሰው ስልክ አብዛኛውን ተራ ይዘለዋል፤ አማካዩም ያሽቆለቁላል። ስቲከሩ የምር ሞገድ ቢከልልማ ይብስ ነበር፦ ታወሩ ሲግናሉ ሲደክምበት "ጨምር" ብሎ ያዛል።

መለካት የፈለገ ስልኩን ሞገድ የማያሳልፍ የብረት ሳጥን ውስጥ ያስገባል፤ ታወር መስሎ የሚያዝ መፈተሻ ከፍተኛውን ደረጃ አስይዞ ያቆየዋል። ከአንቴናው መውጫ በኬብልና በ30 ዲሲቤል አቴንዌተር (ኃይል ቀናሽ) በኩል ወደ ስፔክትረም አናላይዘር (የሞገድን ኃይል በየፍሪኩዌንሲው የሚያሳይ መለኪያ) ይገባል። አቴንዌተሩን የዘለለ፣ 30 ዲቢኤም ብቻ በሚችል መግቢያ ላይ 33 ይደፋበታል፤ ያኔ ወጪው የጥገና ነው። የመለኪያው ቅንብር፦ ስፓን ዜሮ (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቆሞ በጊዜ ማየት)፣ አርቢደብልዩ (መለኪያው በአንዴ የሚያየው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) 1 ሜጋኸርዝ፣ ስዊፕ (የአንድ ምልከታ ርዝመት) 1 ሚሊሰከንድ፣ ትሪገሩ (ምልከታውን የሚያስጀምረው) ምቱ ሲነሣ። የሚነበበው የምቱ ጠፍጣፋ አናት ነው፤ መወጣጫና መውረጃው አይቆጠርም። አርቢደብልዩውን 30 ኪሎኸርዝ ላይ የተወ፣ 200 ኪሎኸርዝ የሚሰፋውን ሲግናል ቆርሶ ይለካል። የኬብሉን 0.5 ዲሲቤል ብክነት የረሳ ደግሞ 11 በመቶውን አጣ። ለ2 ዋት ስልክ የተፈቀደው ስሕተት ከ33 ላይ ወይ ታች 2 ዲሲቤል ነው።

ይህ ሁሉ ቤተ ሙከራ ይጠይቃል ከተባለ፣ ሻጩ ሌላው ቢቀር ያለ ስቲከር ይደውል፤ ከዚያ ጮክ ብሎ እስከ ሠላሳ ይቁጠርና የመለኪያውን ቁጥር ሳይቆርጥ ያሳየን።