ሜዳሊያ የሥራ ልምድ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ኃላፊ አንድን የቀድሞ የስፖርት ሻምፒዮን የሶፍትዌር ምሕንድስና ክፍል መሪ አድርጎ ሾመ። ሹመቱ አላስደነቀኝም። ያናደደኝ ማብራሪያው ነው፤ ኮድ መጻፍ በስድስት ወር ይለመዳል፣ የአሸናፊነት መንፈስ ግን አይለመድም አለ። አዳራሹም አጨበጨበ።

እስቲ ገልብጠን እንየው። አንድ የሶፍትዌር መሐንዲስ ተነሥቶ የዱላ ቅብብል ቡድኑን እኔ ላሠልጥን፣ ሩጫው በስድስት ወር ይገባኛል ቢል ይኸው ኃላፊ ያጨበጭብለታል? ከስታዲየሙ በርም አያሳልፈው። የሌላውን ሙያ የዕድሜ ልክ ድካም ብሎ የሚያከብር ሰው የገዛ ቤቱን ሙያ በወራት ሲተምን ዝም ብሎ መስማት ይከብዳል።

የማይክሮሶፍቱን ሳትያ ናዴላን የሚጠቅሱልኝ አሉ። እውነት ነው፣ ከክሪኬት ሜዳ ስለ አመራር እንደተማረ ራሱ ይናገራል። ውርወራው አልሆን ባለው ቀን አምበሉ ኳሱን ተቀበለው፤ ራሱ ወርውሮ ተጋጣሚውን ካስወጣ በኋላ ኳሱን መልሶ ለናዴላ ሰጠው። ግሩም ነው። ግን ናዴላ ማይክሮሶፍት የገባው እ.ኤ.አ. በ1992፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆነው በ2014 ነው። ክሪኬቱን የሚያወሩልን ሰዎች በመካከል ያለውን 22 ዓመት ምን አደረጉት?

ቢል ካምቤልንማ ባያነሡት ይሻላቸው ነበር። የአፕሉን ስቲቭ ጆብስንና የጉግሉን ኤሪክ ሽሚትን ያማከረው ይህ ሰው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ሲያሠለጥን 12 ጊዜ አሸንፎ 41 ጊዜ ተሸንፏል። ቆየት ብሎ የመራው፣ በብዕር የሚጻፍበት ኮምፒውተር ሊያስፋፋ የተነሣው ጎ የተባለ ኩባንያም አልሰመረለትም። በአሸናፊነት መንፈስ ቢመዘን ኖሮ ካምቤል ለቃለ መጠይቅ እንኳ አይጠራም ነበር።

የእኔ ትልቁ ጠብ ግን ከውጤት ሰሌዳው ጋር ነው። ስፖርት ሰዓት አለው፣ ዳኛ አለው፣ ማን እንዳሸነፈ ማታውኑ ይታወቃል። በሶፍትዌር ሥራ እየተሸነፉ፣ እያሸነፍን ነው ብሎ ዓመታት መጓዝ ይቻላል። ተጣድፎ የተለቀቀ ኮድ ዛሬ ድል ይመስላል፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ኮዱ ሲጻፍ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። ደንበኛው ተማርሮ ሲሄድ ፊሽካ የሚነፋ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ሰሌዳ እያየ የኖረ ሰው ሰሌዳ ሲያጣ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ራሱ ሰሌዳ ይሠራል። ማን ብዙ መስመር ጻፈ፣ ማን ብዙ ሥራ ዘጋ እያለ መቁጠር ይጀምራል፤ ሠራተኛውም የሚቆጠረውን ብቻ መሥራት ይጀምራል።

ስህተትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ጊትላብ የተባለው፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ አንድ መሐንዲስ በውድቅት የተበላሸ ነገር ሲጠግን የማጥፊያ ትእዛዙን በተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሰጠ። ነቅቶ እስኪያቆመው ድረስ ከ300 ጊጋባይት ገደማ መረጃ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ወደ መጠባበቂያ ቅጂዎቹ ሲዞሩ ከአምስቱ ዘዴዎች አንዱም በአግባቡ አይሠራም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት እንዳጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው። የሜዳው ደመ ነፍስ ምን ይላል? ጎሉ በማን ጥፋት ገባብን፣ እሱን ቀይሩት። ኩባንያው ግን የጥገናውን ሥራ በቀጥታ ለሕዝብ እያሳየ የተበላሸውን አሠራር አንድ በአንድ ዘረዘረ። በዚያች ሌሊት አለቃው ጥፋተኛ ፍለጋ ቢወጣ ኖሮ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጣቱ የሳተው መሐንዲስ አፉን ዘግቶ ያድር ነበር፤ መጠባበቂያዎቹም ባዶ እንደሆኑ ይቀጥሉ ነበር።

ጥሩ አምበልም ይህን ያውቃል ትሉኝ ይሆናል። ይወቅ፤ ግን ያን ያወቀው ሜዳውን ስላወቀ ነው። ስፖርተኛው ከብዙ መሐንዲሶች የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ በሰው ፊት ተገሥጾ በማግሥቱ ለልምምድ ይመጣል። ይህ ግን የተማሪ ጸጋ ነው፤ ወንበር ላይ ካስቀመጡት በኋላ ማን ይገሥጸዋል? ዮኪ ማትሱኦካ የቴኒስ ተጫዋች የመሆን ሕልሟን ጉዳት ሲቀማት የሄደችው ወደ ክፍል ነው፤ በርክሌይ፣ ከዚያም ኤምአይቲ በተባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ገብታ በዶክትሬት ወጣች፣ ስለ ሮቦት እጅ ተመራመረች። ጉግል ኤክስ የተባለውን የጉግል የምርምር ክፍል ከመሠረቱት አንዷ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ የሚጎዳው ሌላው ወገን ደግሞ ራሱ ሻምፒዮኑ ነው። ለታይታ ይሾማል፣ በየመድረኩ ይዞራል፣ ሥራው ሲበላሽ ኃላፊነቱ በእሱ ስም ይመዘገባል። ስለዚህ ጥሪው የደረሳችሁ ስፖርተኞች ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ በጀቱን የሚያጸድቀው ማን ነው? አንድ ምርት ከመለቀቁ በፊት አይሆንም ብል ይቆማል? ሥራውን የሚያስተምረኝ ሰው ማን ይባላል? መልሱ ፈገግታና የንግግር መርሐ ግብር ከሆነ፣ የቀረበላችሁ የማስታወቂያ ውል ነውና የማስታወቂያ ዋጋ ጠይቁበት።