«ቢያተርፍ» ላይ የቆመችው ልጅ

ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች አንዲት ተማሪ ኮምቦልቻ አምስተኛ ክፍል ገብታለች። እስከ ሦስተኛ ክፍል የተማረችው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። አሁን የምትፈተነው እንደ ጓደኞቿ በአማርኛ ነው። ፈተናው ላይ የተለየ ነገር ይደረግላት ወይስ አይደረግላት? ሁለት መምህራን ተከራክረውበታል።

የኮምቦልቻዋ መምህርት

ሒሳብ የማስተምራት እኔ ነኝ። ሰሌዳ ላይ 25 ሲባዛ በ4 ብዬ ስጽፍ ቀድማ እጇን የምታወጣው እሷ ናት። ወረቀት ላይ «አንድ ነጋዴ ከአንድ ኩንታል ስንዴ 25 ብር ቢያተርፍ ከ4 ኩንታል ስንት ያተርፋል?» ሲመጣ ግን ባዶውን ትተወዋለች። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩላት። «ቢያተርፍ» ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ቡኣ» አላት፤ ትርፍ ማለቱ ነው። «መቶ!» አለች። እርሳሷን እንኳ አላነሳችም። ታዲያ ያን ሁሉ ዜሮ የሰጠኋት ለሒሳቧ ነው ለንባቧ?

ጥያቄው ይነበብላት፤ ከበድ ያሉት ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ይጻፉላት፤ ግማሽ ሰዓት ይጨመርላት። በመተማ በኩል ለገባ ሱዳናዊ ልጅም ይኸንኑ እላለሁ። የ2011 ዓ.ም. የስደተኞች አዋጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስደተኛውን ከዜጋው እኩል ያደርገዋል። እኩልነቱ አንድ ዓይነት ወረቀት ማደል ብቻ ከሆነ ምኑ ተያዘ?

የደሴው መምህር

እህቴ፣ ሆድዎ ባብቷል። አልፈርድብዎትም። እንዲህ ያሉ ልጆች እኔም ዘንድ አሉ። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ሲከራከሩ ቢሰሟቸው ወሎ ተወልደው ያደጉ ይመስልዎታል። አማርኛው አላነሳቸውም። ደግሞስ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ማን ያነብላታል? ዛሬ 90 ትሰጧታላችሁ፣ እናቷ ደስ ይላታል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጉድ ይፈላል። እኔ ብሆን ከትምህርት በኋላ አስቀርቼ 231ዱን ፊደል አስቆጥራታለሁ። ካልሆነም አንድ ክፍል ዝቅ ትበል። ሌላው ወላጅ «ለኔስ ልጅ ለምን አይነበብለትም?» ብሎ ቢመጣ ምን ልመልስለት?

መምህርቷ

ጋሼ፣ የገበያው አማርኛና የፈተናው አማርኛ ለየቅል ናቸው። በካናዳ ከሌላ አገር የመጡ ልጆችን ውጤት ያጠኑት ጂም ከሚንስ ይህን ለይተው አሳይተዋል። የጨዋታውን ቋንቋ ልጅ በ2 ዓመት ገደማ ይይዘዋል። የትምህርቱ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። «ቀንሽልኝ» ማለት የቻለች ልጅ «ተካፋይ»ና «አካፋይ»ን ትለያለች ማለት አይደለም።

ዝቅ ትበል ነው ያሉት? የምታውቀውን ማካፈል እንደገና ልትማር? ፊደሉን ያስቆጥሯት፣ ማን ከለከለዎት። የሒሳብ ማርኳ ላይ ግን አይቀነስባት። ደግሞ ከኛ ትንሽ ወረድ ሲሉ ከሚሴ አለልዎት። እዚያ በዚሁ በክልላችን በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ። አንድ የከሚሴ መምህር እነዚህን ቃላት ሻይ እየጠጣ ይጨርስልናል።

መምህሩ

የከሚሴዋን ሐሳብ ወድጃታለሁ፣ አልዋሽም። ቃላቱ ይጻፉላት። ማንበቡን ግን አልቀበልም። የሚያነብ አስተማሪ ሳያውቀው መልሱ ላይ ድምፁን ጫን ያደርጋል፤ ስንቴ አይቻለሁ! ሰዓቱም ይጨመር፣ ግን ለክፍሉ በሙሉ። ያኔ ያ ወላጅ ሲመጣ የምመልስለት አለኝ።