ማስተካከያ፦ ሙሉኪያው የጾም አይደለም

ባለፈው ካይሮ ማዲ ሰፈር ስላለችው ዘመናዊ የግብፅ ምግብ ቤት ስጽፍ ስለ ሙሉኪያ፣ ማለትም ስለ አረንጓዴው የቅጠል ወጥ፣ «ቅጠል ስለሆነ ጿሚ ይበላዋል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዶሮ ወይም በጥንቸል መረቅ ነው (አዎ፣ በጥንቸል!)፤ እኔም አስተናጋጁን የጠየቅኩት ግማሹን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ «ሲያሚ» አለ ወይ በሉ፣ ኮፕቶቹ (የግብፅ ክርስቲያኖች) የጾም ምግብን እንዲህ ነው የሚሉት። ኮሸሪ ግን አያሳስብም፦ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ሆኖ ከላይ የቲማቲም ስልስና የተጠበሰ ሽንኩርት ይደረግበታል። ፈላፍሉንም (በዘይት የሚጠበሰውን የጥራጥሬ ድቡልቡል) ከሽምብራ ነው ብዬ ነበር። የግብፁ፣ እነሱ ታዕሚያ የሚሉት፣ ከባቄላ ነው የሚሠራው፤ ውስጡን አረንጓዴ ያደረገው አብሮ የሚፈጨው የድንብላል ቅጠል ነው። ሂሳቡ ላይ ደግሞ 12 በመቶ የአገልግሎትና 14 በመቶ ቫት መጨመሩን ረስቼዋለሁ።