የ80 እና የ60 ልዩነት 20 አይደለም

"ቪ ስኩዌር እኩል ይሆናል ዩ ስኩዌር ሲደመር ሁለት ኤኤስ" የምትለዋን ፎርሙላ ሃይስኩል የጨረሰ ሁሉ ያውቃታል፣ ቢያንስ ለፈተና ሸምድዷታል (ቪ የመጨረሻው ፍጥነት፣ ዩ የመነሻው ፍጥነት፣ ኤ አክስለሬሽን ማለትም ፍጥነት በየሰከንዱ የሚቀየርበት መጠን፣ ኤስ ርቀት ናቸው)። ስለ መኪና ፍሬን እንደምትናገር ግን ለስንቶቻችን ተነገረን? እንደሷ ያሉትን የሞሽን ኢኩዌሽኖች (የእንቅስቃሴ ቀመሮች) ሰሌዳ ላይ ደርድሮ፣ ቁጥር አስገብቶ መልስ ማውጣት ብቻ አድርጎ ማስተማር ትልቅ ኪሳራ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ ከምንማረው ሁሉ እንደነሱ በቀጥታ የሰው ነፍስ የሚያተርፍ ብዙ የለም።

እስቲ እናስላው። አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየመጣ ነው እንበል፣ ይሄ በሰከንድ 16.7 ሜትር ገደማ ነው። ድንገት ልጅ መንገድ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ 1 ሰከንድ ቢፈጅበት መኪናው ምንም ሳይቀንስ 16.7 ሜትር ሄዷል። ከዛ ደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ፍሬን ይዞ በየሰከንዱ 7 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ቢመጣ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ይፈልጋል፣ ድምሩ 36 ሜትር ተኩል ገደማ። አሁን ያው መኪና፣ ያው ሾፌር በ80 ይምጣ። ያቺ 1 ሰከንድ ብቻዋን 22 ሜትር ትበላለች፣ ፍሬኑ 35 ይወስዳል፣ ድምሩ ከ57 ሜትር ያልፋል። ከሁሉም የሚያስደነግጠው ግን የ60ው መኪና ቀጥ ብሎ የቆመበት ቦታ ላይ በ80 የመጣው ገና በ62 ኪሎ ሜትር እየበረረ መሆኑ ነው! ልጁ እዛ ጋ ከቆመ አንደኛው ሳይነካው ይቆማል፣ ሌላኛው በ62 ይገጨዋል። ይሄን ሁሉ የሚያመጣው ፍጥነቱ ላይ ያለችው ስኩዌር ናት፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የፍሬኑ አቅም በግማሽ ቢቀንስ በ60 የሚመጣውም ለመቆም 56 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል።

ሌላው ክፍል ውስጥ ተድበስብሶ የሚታለፈው ነገር እነዚህ ኢኩዌሽኖች የሚሰሩት አክስለሬሽኑ ካልተቀየረ ብቻ መሆኑ ነው። ተማሪው ይቺን ቅድመ ሁኔታ እንደ ጌጥ ያልፋታል፣ አስተማሪውም ብዙ ጊዜ አይመለስባትም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ጭነት ይዞ የሚወርድ አይሱዙ ግን በደንብ ያውቃታል፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ መውረድ ትቶ ፍሬን ረግጦ ረግጦ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፣ ሲግል መያዙ ይቀንሳል፣ ያኔ ቁልቁለቱ አናት ላይ 7 የነበረው የፍሬኑ አቅም ታች ስትደርስ 7 አይደለም፣ ያሰላነው ርቀት ሁሉ ፉርሽ ይሆናል። በዛ ላይ ቁልቁለቱ ራሱ ወደታች ይስበዋል። ሰው "ፍሬን እምቢ አለው" ይላል፣ ፊዚክሱ ግን ከላይ ጀምሮ ሲመጣ የነበረ ነገር ነው።

"ላብራቶሪ የለንም" የሚለው መልስ ለዚህ ትምህርት አይሰራም። ሁለት ሜትር ጣውላ ትንሽ አዘንብሎ ብይ መልቀቅና በሞባይል ሰዓት መያዝ በቂ ነው። ብዩ ጫፍ ለመድረስ ከሚፈጅበት ጊዜ በግማሹ የት እንደደረሰ ምልክት አድርጉ፣ 50 ሳንቲሜትር አካባቢ ታገኙታላችሁ፣ ማለትም በግማሽ ጊዜ ሩቡን ብቻ ነው የሄደው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ያሳተመው ይሄንኑ ዓይነት ሙከራ ነው፣ እሱ ደግሞ ሰዓቱን የለካው ከዕቃ የሚወርድ ውሃ እየመዘነ ነበር። ይሄን በዓይኑ ያየ ተማሪ ኤስ እኩል ይሆናል ዩቲ ሲደመር ግማሽ ኤቲ ስኩዌርን (ቲ ጊዜ ናት) ለመሸምደድ አይጨነቅም፣ ከየት እንደመጣች ያውቃታላ።

መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውም አካል ይመለከተዋል። የጽሑፍ ፈተናው ላይ አንድ ጥያቄ ይግባ፦ በ60 ስትሄድ ለመቆም ስንት ሜትር ያስፈልግሃል፣ በ80ስ፣ በዝናብስ? ፎርሙላውን ማወቅ ግዴታ አይደለም፣ ሜትሩን ግን መሪ የሚይዝ ሰው ሁሉ ይወቀው።