ለክቡር የማጣቀሻ አጻጻፍ መመሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ስለ አንዲት ሰረዝ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? ገጾችዎስ ደህና ናቸው? ባለፈው ሳይዎት 34 ነበሩ፤ ሰሞኑን 41 ገብተዋል አሉ። እሰይ፣ ይደጉ።

እኔ ደህና አይደለሁም። ትናንት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከታሪክ ጆርናልዎ ኢሜይል ደረሰኝ። ልብ ይበሉ፣ ጽሑፌ አልፏል። ሁለት ገምጋሚዎች አይተውት፣ ከዓመት ከሁለት ወር በኋላ «ይታተም» ተብሏል። እኔም ወሬውን ለዘመድ ለወዳጅ አዳርሼ ጨርሻለሁ። ኢሜይሉን የከፈትኩት «እንኳን ደስ አለህ» የሚል መስሎኝ ነው። የሚለው ግን ሌላ ነው። ከ112 የግርጌ ማስታወሻዎቼ በ87ቱ፣ በገጽ ቁጥሮች መካከል የገባው ሰረዝ አጭሩ ነው። መግባት የነበረበት መካከለኛው ነው። በአምስት ቀን ውስጥ ካልተስተካከለ ጽሑፉ እንደ አዲስ ገቢ ይታያል።

እንደ አዲስ። ዓመት ከሁለት ወሩም አብሮ እንደ አዲስ።

መጀመሪያ ልዩነቱን ለማየት ሞከርኩ። ስክሪኑን 400 በመቶ አጎላሁት። አዎ፣ አለ። አጭሩ ቃልን ከቃል የሚያያይዘው ነው። መካከለኛው «ከዚህ እስከዚያ» የሚለው፣ በላቲኑ «ኤን» ፊደል ወርድ ልክ የተቆረጠው ነው። ከሁለቱም የሚረዝም ሌላ አለ፤ እሱን አላነሳውም፣ ስሙን ከጠራሁት ይመጣብኛል። እነዚህን ሦስት ወንድማማቾች እናታቸውም ብትሆን በመነጽር ነው የምትለያቸው። ኪቦርዴ ላይ ያለው ደግሞ አጭሩ ብቻ ነው።

ብልጥ ነኝ ብዬ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ተጫንኩ። ክቡርነትዎ፣ እንዲህ ያለ ጥጋብ አይድገመኝ። ኮምፒውተሩ መች 87ቱን ብቻ ለየልኝ! የብራና መጻሕፍቱን መለያ ቁጥር ነካካ። የድረ ገጽ አድራሻዎቹን ሁሉ ለወጠና አንዱም አልከፍት አለ። በሰረዝ የተያያዙ የሰው ስሞችን ሳይቀር ከገጽ እስከ ገጽ አስመሰላቸው። ሁሉን መልሼ አንድ በአንድ በእጄ ጀመርኩ። እግረ መንገዴን የቁጥር ማሳጠሪያ ሕግዎ ትዝ አለኝ። ከ321 እስከ 328 ከሆነ ሁለተኛው «28» ተብሎ ይጻፋል። ከ101 እስከ 108 ከሆነ «8» ብቻ። ከ100 እስከ 104 ከሆነ ግን ሙሉውን «104»። ለምን? አይጠየቅም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 63ኛዋ ማስታወሻ ዘንድ ደረስኩ። ገጽ 241 ትላለች። ሰረዝ እንኳ የላትም፤ ላልፋት ነበር። መጽሐፉ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ቀጭን ነው። ዓይኔ ከውፍረቱ ላይ ቀረ። ከፈትኩት። የመጨረሻው ገጽ 198 ነው።

ቁጥሩን ሳገለባብጠው ነው ነገሩ ገጽ 142 ላይ የተገኘው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ አፈርኩ። ግን እስቲ አስበው። አዎ፣ አሁን አንተ ልልህ ነው። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ የሌለ ገጽ ስጠቅስ እጅህ ላይ ነበርኩ። የጽሑፉ ዋና ክርክር የቆመው በዚያች ማስታወሻ ላይ ነው። ማንም መጽሐፉን አልከፈተም። ማንም «እውን እንዲህ ተብሏል?» አላለም። ሰረዜን ግን ለካህ! የግርጌ ማስታወሻ አንባቢ ሄዶ እንዲያረጋግጥበት ነው የተሠራው ወይስ አንተ ማስመሪያ ይዘህ እንድትቆምበት? ነገ አንድ ውሸታም ያልተጻፈውን ተጽፏል ብሎ ቢመጣ፣ ሰረዙ መካከለኛ እስከሆነ ድረስ እጅ ነስተህ ታሳልፈዋለህ።

ይቅርታ ክቡርነትዎ። ሌሊቱ ነው።

ካነሳሁት አይቀር የቆዩትንም ልጨምር። አንድን መጽሐፍ ግርጌ ላይ በኮማ፣ አሳታሚውን በቅንፍ አድርጌ እጽፋለሁ። ያው መጽሐፍ ዋቢ ጽሑፎች ዘንድ ሲደርስ የደራሲው ስም ይገለበጣል፣ ኮማው ነጥብ ይሆናል፣ ቅንፉ ይወልቃል። ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ልብስ።

«ከላይ እንደተጠቀሰው» ለማለት የምንጽፈውን ዝኒ ከማሁንም ነጠቁኝ። በአሜሪካ የሚዘጋጀው ታዋቂው የቺካጎ አጻጻፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 17ኛ እትሙ «ባይጠቀሙበት ይመረጣል» ነው ያለው። እርስዎ ገጽ 9 ላይ ጭራሽ ይከለክሉታል፤ ገጽ 22 ላይ ባለው ምሳሌ ደግሞ ራስዎ ይጠቀሙበታል።

የቺካጎው በ2024ቱ እትሙ ከ1900 ወዲህ ለታተመ መጽሐፍ የአሳታሚው ከተማ አያስፈልግም ብሎ ሰውን ገላገለ። እርስዎ ዛሬም ይጠይቁኛል።

ስም ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ማለት ባሕሩ ነው፤ ዘውዴ አባቱ ናቸው። ቅጽዎ ላይ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የምትል ሳጥን አለች። ቀይ ኮከብ ተደርጎባታል፤ ባዶ ከሆነች አታሳልፍም። በዚህች ሳጥን ምክንያት የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ቀሩና አባቶቻቸው ደራሲ ሆኑ። የእኔም አባት አልቀሩም። ለጆርናል አንድ መስመር ጽፈው የማያውቁት ሰውዬ እስካሁን ሦስት ጊዜ ተጠቅሰዋል። እኔ አንዴም።

ዓመተ ምሕረቱስ? በ1953 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ፣ ወሩ ካልታወቀ፣ በፈረንጆቹ 1960 ወይም 1961 ነው። «1960/61» ብዬ ስሞላ «ልክ ያልሆነ ዓመት» ትለኛለች ሳጥንዎ። አራት አኃዝ ብቻ ነው የምትቀበለው። 1953 ብዬ ስተወው ትቀበለኛለች፣ እንደ ፈረንጅ ቆጥራ። እንግዲህ ስለ ታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የሚናገር ጽሑፍ በዚያው ዓመት ከታተመ፣ በእርስዎ ስሌት ከድርጊቱ ሰባት ዓመት ቀድሞ ታትሟል ማለት ነው። ይኼ ትንቢት እንጂ ታሪክ አይደለም።

ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው ያዩትን የነገሩኝን አዛውንት ደግሞ «ቃለ መጠይቅ በዋቢ ዝርዝር አይካተትም» ብለው አስወጡብኝ። ሰረዝ ስለሌላቸው ይሆናል።

በማስታወሻ የተማረርኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1776 ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ስለ እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ስለ ጊቦን የሮም ታሪክ ለአታሚው ሲጽፍ፣ ማስታወሻዎቹ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ መታጨቃቸው እንዳስመረረው ተናግሯል። ወደ ገጹ ግርጌ ይምጡልኝ ነው ያለው። ይገርማል። ያማረረው እየገለጠ ስለሚያያቸው ነው።

ለማንኛውም ሥራዬን ጨርሻለሁ። ዛሬ ጠዋት 87ቱንም ሰረዝ መካከለኛ አድርጌ ላክሁ። 63ኛዋንም አርሜ 142 አልኳት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መልስ መጣ። ሰረዞቹ ተቀባይነት አግኝተዋል። «ሆኖም በ63ኛው ማስታወሻ የተጠቀሰው ገጽ ተገምግሞ ከጸደቀው ቅጂ የተለየ ሆኖ ስለተገኘ፣ ወደነበረበት ይመልሱ ወይም ምክንያቱን በጽሑፍ ያብራሩ።»

ከሰላምታ ጋር

የቤተሰብ ስም፦ አባቴን ይጠይቁ